ዘቢደር ያልቀመሰችው ቲራሚሱ

ነጃት ማንኪያውን አፏ ውስጥ ስትከት ዘቢደር ትንፋሿን ያዘች። የምታየው የነጃትን ፊት አልነበረም፤ እጇን ነበር።

ነጃት ጅቡቲ ከተማ፣ ካርቲየ አንድ በሚባለው ሰፈር፣ እኛ ግቢ ውስጥ፣ ሳምቡሳ እየጠበሰች የምትሸጥ የድሬዳዋ ሴት ናት። ስለ ጣፋጭ ነገር ያላት አስተያየት አንድ ብቻ ነው፤ «ስኳር ያንሰዋል» ትላለች። ሻይ ስኳር ያንሰዋል። ማንጎ ስኳር ያንሰዋል። የገዛ ልጇ ሠርግ ላይ የተቆረሰው ኬክ እንኳ ስኳር አንሶት ነበር። እጇ ግን እንደ አፏ አይደለም። የቀመሰችው ነገር ከጣማት፣ አፏ እየወቀሰም ቢሆን፣ ማንኪያው ወደ ሳህኑ ይመለሳል። ካልጣማት ማንኪያውን ቀስ አድርጋ ታስቀምጥና «ጥሩ ነው» ትላለች። ዘቢደር ይህን ለመለየት ዓመታት ፈጅቶባታል፤ አሁን ግን የነጃትን እጅ ከማንም በላይ ታምናለች።

ያን ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ነጃት ማንኪያውን ቀስ አድርጋ አስቀመጠች።

«ጥሩ ነው» አለች።

ዘቢደር በርጩማው ላይ ዘፍ ብላ ተቀመጠች። «ምን ሆነ?»

«ጥሩ ነው አልኩሽ እኮ።»

«ነጃት።»

«እንዴ፣ ምን ልበልሽ? ይለሰልሳል። አፍ ላይ ይጠፋል። ግን...» ነጃት አንዴ ወደ እኔ፣ አንዴ ወደ ሳህኑ አየች። «ጨጨብሳ ነው።»

«ምን?»

«ጨጨብሳ። በቅቤ የታሸ ቂጣ። ዐይኔን ጨፍኜ ብቀምሰው ኖሮ ማር አምጡልኝ እል ነበር።»

እኔን ሳቅ አመለጠኝ። ዘቢደር አልሳቀችም። ጣፋጩ ለሚቀርብበት ሐሙስ ሁለት ቀን ብቻ ነበር የቀረው።

ሳህኑ ላይ የነበረው ቲራሚሱ ነው፤ ጣልያኖች የጣት ብስኩት በቡና እየነከሩ፣ ክሬም እየደረቡ፣ ከላይ ካካዎ እየነሰነሱ የሚሠሩት ጣፋጭ። ዘቢደር ግን ዱባ ጨምራበታለች። ቀረፋ፣ ቅርንፉድ፣ ገውዝ፣ ዝንጅብል፣ በመጨረሻም ኮረሪማ ጨምራበታለች። ክሬሙ የማለዳ ፀሐይ ያረፈበት የኖራ ግድግዳ ይመስላል። ሥራው ሁሉ የእጇ ነው፤ በአፏ ግን አላለፈም። ወሩ ጥቅምት፣ ጾሙ ጽጌ ነበርና እንቁላልና ክሬም አትቀምስም።

የሁለቱ ሴቶች ውል የቆየ ነው። በረመዳን ነጃት ፀሐይ እስክትጠልቅ አንዳች ነገር ወደ አፏ አታስጠጋም፤ ሳምቡሳዋ ግን ከማፍጠሪያው በፊት ተጠብሶ ማለቅ አለበት። ስለዚህ ዘቢደር በዕረፍቷ ቀን እየመጣች የሥጋውን ጨው፣ የቃሪያውን ልክ፣ የሾርባውን ውፍረት ትቀምስላታለች። ሁዳዴና ረመዳን በገጠሙበት ዓመት የምስሩን ብቻ ትቀምሳለች፤ የሥጋውን ነገር ሁለቱም ለፈጣሪ ይተዉታል። ጽጌ ሲገባ ደግሞ ተራው የነጃት ይሆናል። ዘቢደር ለአሠሪዎቿ የሠራችውን ክሬም በትንሽ ዕቃ ጨልፋ ታመጣና የነጃትን እጅ ታያለች። ሰው ምላሱን ለጎረቤቱ ማዋስ እንደሚችል እነሱን እስካይ ድረስ አላውቅም ነበር።

ዘቢደር የድንበር ከተማዋን ደወሌን ተሻግራ ጅቡቲ የገባችው ገና በልጅነት ወዟ ነው። ከዚያ ወዲህ የኖረችው በሰው ቤት ነው፤ የምትሠራበትም የምትተኛበትም። ክፍሏ አንዳንዴ ከወጥ ቤቱ አጠገብ፣ አንዳንዴ ከጓሮ ከውኃ ታንከሩ ሥር ይሆናል። አንደኛው ቤት መስኮት ነበረው፤ አንደኛው አልነበረውም። አንዱም ጋ ግን በሩ ከውስጥ አይቆለፍም ነበር። ክፉ ሰዎች ስለሆኑ አይደለም፤ ቁልፍ ለእሷ የሚያስፈልግ ነገር መሆኑን ማንም አስቦት ስለማያውቅ ነው። ማዮኔዝ የለመደችው ከአንዷ ፈረንሳዊት ነው፤ ዓሣ በእንፋሎት ማብሰል ከአንድ የባሕር ኃይል መኮንን ሚስት። ቲራሚሱን ያስተማረቻት ጣልያናዊቷ ሲኞራ ናት፤ የመጨረሻዋ አሠሪዋ።

ሲኞራ በየዓመቱ በጥቅምት ትተክዝ ነበር። «በእኛ አገር አሁን ቅጠሉ ይረግፋል፤ ዱባው ይበስላል፤ ቤቱ ሁሉ ቀረፋ ቀረፋ ይላል» ትላለች። ዘቢደር ይገርማታል። በዳንግላ ጥቅምት የአበባ ጊዜ ነው፤ ጾሙም ስሙን ያገኘው ከአበባ ነው። እዚህ ጅቡቲ ደግሞ ጥቅምት ማለት የሚለበልበው ነፋስ የሚቆምበት፣ ሰው ከሰዓት በኋላ ወንበሩን ይዞ ደጅ መውጣት የሚጀምርበት ጊዜ ነው። ያው አንድ ወር ነው፤ አንዱ ጋ ይረግፋል፣ አንዱ ጋ ያብባል፣ አንዱ ጋ ሰው ይተነፍሳል። ዘቢደር ይህን ስታወራኝ እንደ ዋዛ ነበር፤ እኔ ግን ለብዙ ቀን ከራሴ አልወጣልኝም።

በአንድ የትካዜ ቀን ዘቢደር ከድሬዳዋ የመጣ ዱባ ገዝታ በምድጃ ጠበሰች፤ ከሲኞራ ጋር ሆነው ከቲራሚሱው ክሬም ጋር አዋሃዱት። ቀረፋውንና ቅርንፉዱን እንጨምር ያለችው ሲኞራ ናት። ኮረሪማውን የጨመረችው ዘቢደር ናት። የሚረግፈው ቅጠል ከአንዷ መጣ፤ አበባው ከሌላዋ።

ሲኞራ ከዚያ ማክሰኞ በፊት በነበረው ሳምንት ዕቃዋን ጭና ወደ አገሯ ገባች፤ ከዚያ ወዲህ ዘቢደር ሻንጣዋን ይዛ ነጃት ጋ ተጠግታለች። በመሰናበቻው ምሳ ላይ ሙኒራ ነበረች። ሙኒራ ከአባቷ የወረሰችውን ዳቦ ቤት ካፌ ያደረገች፣ የከተማዋ የድሮ የየመኖች ቤተሰብ ልጅ ናት፤ አማርኛዋን ከአሳዳጊዋ ነው የያዘችው። የቀረበላትን የተለመደውን ቲራሚሱ ጠርጋ በላችና ወጥ ቤት ድረስ ገባች።

«ይሄን አንቺ ነሽ የሠራሽው?»

«እኔ ነኝ፣ ማዳም።»

«ቲራሚሱ ማንም ይሠራል። የወሩ የሆነ፣ ሌላ ቦታ የሌለ ነገር ይዘሽልኝ ሐሙስ ነይ። ከወደድኩት የጣፋጩን ክፍል ጠዋት ጠዋት ላንቺ እሰጥሻለሁ። ማታ የት እንደምታድሪ ግን እኔ አላውቅም፤ እኔ ጋ ማደሪያ የለም።»

ማደሪያ የለም የሚለውን ቃል ዘቢደር እንደ ምርቃት ሰማችው።

እኛ ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ባዶ ናት። ከዶራሌ ወደብ ኮንቴይነር እየጫነ አዲስ አበባ የሚመላለሰው ሾፌር ደሳለኝ የለቀቃት ናት። ቁልፉ ግቢውን በምታከራየው እናቴ ቤት ሚስማር ላይ ተንጠልጥሏል። «እስከ ቅዳሜ ለሌላ አልሰጥም» ብላታለች እናቴ። በሌላ በኩል ደግሞ አንድ ቤተሰብ ለአዳሪ ሠራተኝነት እየጠበቃት ነው፤ እነሱም መልስ የሚፈልጉት ቅዳሜ ነው። እንግዲህ ሙኒራ ሐሙስ ማንኪያውን ካስቀመጠች፣ ዘቢደር ቅዳሜ ቦርሳዋን ይዛ እንደገና ወደማይቆለፍ በር ትገባለች። ነገሩ ይኸው ነበር።

እና አሁን ጨጨብሳ ሆነ።

ዘቢደር ተነሥታ ቅመሞቹን አንድ በአንድ አሸተተች። ቀረፋው ቀረፋ ነው። ቅርንፉዱ ቅርንፉድ ነው። ኮረሪማውን አፍንጫዋ ላይ ስታደርግ ቆም አለች፤ ከዚያ የመጣበትን የጨርቅ ቋጠሮ ከሻንጣዋ አውጥታ ፈታችው። እህቷ ከዳንግላ የላከችላት ነው። በአንድ ጨርቅ ውስጥ ኮሰረት፣ በሶብላና ኮረሪማ አብረው ታስረዋል፤ እህቷ ያሰበችው ለቅቤ ማንጠሪያ ነው እንጂ ለጣልያን ክሬም አይደለም። የተፈለፈለው ኮረሪማ ከዳንግላ እስከ ጅቡቲ የኮሰረቱን ሽታ ሲጠጣ መጥቷል።

«ወይ እህቴ» አለች ዘቢደር።

ነጃት ከጀርባዋ ቆማ አሸተተችና ከት ብላ ሳቀች። «አፍንጫሽ የት ሄዶ ነው?»

«የእናቴ ጓዳ ነው የሸተተኝ። እሱ ደግሞ እንግዳ ሽታ አይደለም፤ አልጠረጠርኩትም።»

«ኮረሪማውን ተዪው ታዲያ። በቀረፋው ብቻ ሥሪው።»

«ያለ ኮረሪማማ የሲኞራ ነው፤ የእኔ አይደለም።»

ጨርቁ ግርጌ ላይ ግን ያልተፈለፈሉ ጥቂት ኮረሪማዎች ነበሩ፤ ቡናማ፣ የተጨማደዱ፣ ደረቅ ቅርፊታቸው ውስጥ የተዘጉ። ዘቢደር አንዱን አንሥታ ወደ ብርሃን ያዘችው። ቅርፊቱ በሩን ዘግቶ ከሆነ፣ ውስጡ ያለው ፍሬ ንጹሕ ነው። ዘግቶ ከሆነ።

ረቡዕ ጠዋት እንደገና ጀመረች። ሥራዋን ማየት ለእኔ ሁልጊዜ እንደ አዲስ ነው። ዱባውን ጠብሳ በንጹሕ ሻሽ ቋጥራ ጨመቀችው፤ ውኃው ካልወጣ ክሬሙን ያላላዋል። የእንቁላሉን አስኳል ከስኳር ጋር ከሚፈላ ድስት በላይ፣ በእንፋሎቱ ብቻ እየመታች፣ ከማንኪያ ሲወርድ እንደ ጥብጣብ እስኪጣጠፍ ድረስ አገረጣችው። በጅቡቲ ሙቀት ክሬም ለደቂቃ ከዘነጉት ወተት ሆኖ ይቀራል፤ ስለዚህ ጎድጓዳ ሳህኗን ነጃት ቀዝቃዛ ውኃ በምትሸጥበት የበረዶ ሳጥን ውስጥ ተክላ ነው የምትመታው። ብስኩቱን ዝንጅብል የገባበት ቡና ውስጥ ነክራ ቶሎ ታወጣዋለች፤ ከዘገየች ይፈርሳል፣ ከቸኮለች ይደርቃል። እጇ ልኩን ያውቀዋል።

ኮረሪማዎቹን በሁለት ማንኪያ መሐል ሰበረቻቸው፤ የነጃትን ሙቀጫ አላመነችውም። እጇን በሎሚ ታጥባ አሸተተች። ራቅ ብላ ደጅ ወጥታ ነፋስ ተቀብላ ተመልሳ አሸተተች።

«እንዴት ነው?» አልኳት።

«ንጹሕ ይመስለኛል። ግን ትናንትም መስሎኝ ነበር።»

ስልክ የጮኸው ያኔ ነው። ከከተማው ዳር፣ ዋራበሌ የምትኖረው የነጃት ልጅ ምጥ ይዟታል። ነጃት ድሪያ ቀሚሷን እየጎተተች፣ ጫማዋን እየፈለገች፣ ለማንም ያልሆነ ትእዛዝ እየሰጠች ግቢውን አመሰችው። በሩ ላይ ስትደርስ ዞር አለች።

«ዘቡዬ፣ ምላሴን ትቼልሽ ብሄድ ደስ ይለኝ ነበር።»

«ሂጂ፣ ሂጂ። ማርያም ትቅረባት።»

«አሚን።» ከዚያ ጣቷን ወደ እኔ ቀሰረች። «እሱን እንዳታስቀምሺው።»

ነጃት ስትሄድ ግቢው ፀጥ አለ። የተደረደረው ቲራሚሱ በመስተዋት ሳህኑ ውስጥ ቁጭ ብሏል፤ ቡናማ፣ ብርቱካናማ፣ ቡናማ፣ ብርቱካናማ።

«እኔ ልቅመስልሽ፣ እትዬ» አልኳት።

«አንተ?» ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። «አንተ የቧንቧ ውኃ ሲቀዘቅዝልህ እንኳ ግጥም ትጽፋለህ። ትናንት ይሄን ጨጨብሳ ብትቀምሰው ኖሮ ታለቅስ ነበር።»

እውነቷን ነው። ማክሰኞ ዕለት ነጃት ዞር ስትል ከሳህኑ ሰርቄ ቀምሼ ነበር፤ ግሩም ነው ብዬ ነበር።

ዘቢደር ክሬሙን ስትመታበት በነበረው ሳህን ጠርዝ ላይ የቀረችውን በማንኪያ ጠረገች። ማንኪያውን አነሣችው። ከንፈሯ ለመድረስ ጣት ያህል ሲቀረው ቆመ። ቁልፏ ሚስማሩ ላይ፣ ግቢውን ተሻግሮ፣ ከእናቴ በር ውስጥ ይታያል።

«የፈቃድ ጾም ነው እኮ» አልኳት። «ማንም አያስገድድሽም።»

«በፈቃዴ ስለሆነ ነዋ» አለች። «የታዘዝኩት ቢሆን ኖሮ እከራከር ነበር። ስንት ዓመት ሙሉ ዘቢደር ይሄን ሥሪ፣ ዘቢደር ያን ተዪ ሲሉኝ ሰማሁ። ይሄን አንዱን እኔ ነኝ ራሴን ያዘዝኩት።»

ማንኪያውን ውኃ ውስጥ ነከረችው። በጎረቤትነቷ የኮራሁት ያኔ ነው፤ ሙኒራ ገና ምንም ሳትል።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የበረዶውን ሳጥን ጭኔ ላይ አድርጌ በአረንጓዴውና ነጩ ታክሲ ይዘነው ሄድን። ዘቢደር ነጭ ነጠላዋን ለብሳለች። መንገድ ላይ ሾፌሩ ጉድጓድ በገባ ቁጥር «ቀስ በል፣ ወንድሜ» ትለዋለች።

ሙኒራ ካፌው መሐል፣ የመስተዋት መደርደሪያው ፊት፣ ቆማ ተቀበለችን። ከኋላዋ ዓብዱሰመድ የሚባሉት የአባቷ ጊዜ ዳቦ ጋጋሪ ዱቄት የለበሰ ክንዳቸውን አጣምረው ቆመዋል። ዘቢደር ክዳኑን ስታነሣ የቀረፋውና የኮረሪማው ሽታ ወጣ። ሙኒራ ጎንበስ አለች።

«መጠጥ አለበት?»

«የለበትም፣ ማዳም። በምትኩ የዝንጅብል ቡና ነው።»

ሙኒራ ለራሷ ቆረሰች። ከዚያ ሌላ ማንኪያ አንሥታ ለዘቢደር ዘረጋችላት። «መጀመሪያ አንቺ። አባቴ ሠሪው ያልቀመሰውን አይቀምስም ነበር። እኔም እንደዚያው ነኝ።»

ዘቢደር ማንኪያውን አልተቀበለችም። «ጾም ላይ ነኝ፣ ማዳም። አልቀመስኩትም።»

«ምኑን?»

«ይሄን። አንዴም አልቀመስኩትም።»

ሙኒራ ማንኪያውን አወረደች። «ሳትቀምሺ ነው ካፌዬ ድረስ ያመጣሽልኝ? መጣፈጡን በምን አወቅሽ?»

«የዚህኛውን አላወቅሁም። የሌላ ጊዜውን ጎረቤቴ ነጃት ትቀምስልኛለች። እኔ ደግሞ በረመዳን የእሷን እቀምስላታለሁ። ትናንት ልጇ ምጥ ይዟት ሄደች፤ ስለዚህ ይሄ ማንም ያልቀመሰው ነው።»

እኔ ሁሉም ነገር ያለቀ መሰለኝ። እንደዚህ ያለ እውነት በእንደዚህ ያለ ሰዓት ይነገራል? ሙኒራ ግን ቁጣ ላይ አልነበረችም፤ ወደ ኋላዋ ዞራ ዓብዱሰመድን ታይ ነበር። ዓብዱሰመድ ደግሞ ጣሪያውን ያያሉ።

«ይንገሯት» አለቻቸው።

«ምኑን ልንገራት?»

«የባለፈውን ረመዳን ሾርባ።»

«ያ የእኔ ጥፋት አይደለም» አሉ ሽማግሌው። «እኔ ጨው ጨመርኩ። አንቺ መጥተሽ ጨመርሽ። ዕቃ አጣቢዋም የረሳን መስሏት ጨመረች። ማን ይቀምስ? ሁላችንም ጾመኞች።»

«ደንበኛ ሁሉ በዚያ ማታ ቀይ ባሕርን ነው የጠጣው፣ ወላሂ» አለች ሙኒራ። ከዚያ ወደ ዘቢደር ዞረች። «በሚመጣው ረመዳን አንቺም ጾም ላይ ትሆኛለሽ?»

«ዘንድሮ ረመዳን ከሁዳዴ ቀድሞ ነው የሚገባው። ዓርብና ረቡዕ ብቻ ሥጋና ቅቤ ያለበትን አልቀምስም። የሌላውን ጨው ግን በማንኛውም ቀን እነግርዎታለሁ።»

ዓብዱሰመድ «አልሐምዱሊላህ» ብለው ወንበር ስበው ተቀመጡ።

ሙኒራ ግን ገና አልቀመሰችም። ማንኪያዋን አንሥታ ከላይ እስከ ታች ንብርብሩን ሁሉ ይዛ ቆረሰች፤ አፏ ውስጥ አደረገችው። ዘቢደር ፊቷን አላየችም። እኔም አላየሁም፤ ተምሬያለሁ። የሁለታችንም ዐይን እጇ ላይ ተተክሎ ቀረ።

«ትንሽ» አለች ሙኒራ፣ «ስኳር ያንሰዋል።»

ማንኪያው ወደ ሳህኑ ተመለሰ።

ዘቢደር አንገቷን ደፋች፤ ፈገግታዋን ለመደበቅ መሆኑን ያወቅሁት እኔ ብቻ ነኝ። ሙኒራ ሦስተኛውን ማንኪያ ለዓብዱሰመድ ሰጠች፤ አራተኛውን ራሷ በላች። ኮረሪማው ንጹሕ ነበር። ቅርፊቱ በሩን ዘግቶ ነው የመጣው።

«ስሙን ምን እንበለው?» አለች ሙኒራ በመጨረሻ፣ የመደርደሪያውን የስም ወረቀት እያነሣች። «ዱባ ብዬ አልጽፍም፤ ዱባ ሲሉት ወጥ ይመስላቸዋል።»

«የጽጌ ይበሉት።»

«ምን ማለት ነው?»

«የአበባ።»

ሙኒራ በፈረንሳይኛ ጻፈችው፤ ከሥሩ ደግሞ ዘቢደር በአማርኛ፣ በራሷ የእጅ ጽሕፈት፣ ቀስ እያለች ጻፈች። ወረቀቱ ዛሬም እዚያው አለ፤ ካፌው ገብቶ የሚያይ ያየዋል። ኢትዮጵያውያን ሾፌሮች ከዶራሌ መልስ ያነቡትና ማን እንደጻፈው ይጠይቃሉ። ዓብዱሰመድ በጣታቸው ወደ ጓዳ ያመለክታሉ።

ቅዳሜ እናቴ ቁልፉን ከሚስማሩ አውርዳ ሰጠቻት። ዘቢደር ገባች፤ በሩን ከውስጥ ቆለፈች፤ ትንሽ ቆይታ ከፈተች፤ እንደገና ቆለፈች። ነጃት የልጅ ልጇን ወሬ ይዛ ከዋራበሌ ስትመለስ በሩን ደበደበችው። «ሴትዮ፣ ሌባ ይዘሻል እንዴ?» አለቻት። ከውስጥ የመጣው የዘቢደር ሳቅ ነበር።

ኅዳር ስድስት፣ ጾሙ ባለቀ ማግስት፣ ዘቢደር ከካፌው አንድ ቁራሽ ይዛ መጣች። ነጃትና እኔ አዲሷ ክፍል ደፍ ላይ ተቀምጠን ነበር። እሷ አልጋዋ ላይ ተቀመጠች፤ ሳህኑን ጉልበቷ ላይ አድርጋ የዚያን ዓመት የራሷን ሥራ ለመጀመሪያ ጊዜ ቆረሰች። ነጃት በክርኗ ጎሸም አደረገችኝ።

«እጇን እይ» አለችኝ።

ዘቢደር ቀመሰች። ዐይኗን ወደ ሩቅ ቦታ ላከች፤ ምናልባት ወደ ዳንግላ፣ ምናልባትም ወደ ሲኞራ አገር፣ አላውቅም።

ማንኪያው ተመለሰ።